አሥራ አንድና ስምንት፦ በሸዋ በር ያለፈ የጠመንጃ ክርክር

በ1874 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አንድ የ27 ዓመት ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ሠራተኛ ከኤደን ወደብ ወደ ፓሪስ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው የተጻፈው በሚፈነዳ ጥይት ሥራ ስሙ ለታወቀው ለዴቪስም የጠመንጃ ቤት ነበር። ወጣቱ በኦሮሞ አገር እንደሚዘዋወርና የዝሆን አዳኞች ቡድን የማቋቋም ሐሳብ እንዳለው ከገለጠ በኋላ፣ ለዝሆን ተብሎ የተሠራ ልዩ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ጥይቱ የመርዝ ይሁን የሚፈነዳ እንዲነገረው ጠየቀ። በመጀመሪያ ሁለት ጠመንጃ ለሙከራ ሊገዛ፣ ከተስማማው ደግሞ እስከ ስድስት ሊጨምር አስቦ ነበር።

ይህ ሰው አርተር ራምቦ ነው። ግጥሙን ገና በሃያ ዓመቱ ግድም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1873 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሐረር የገባው፣ ቡናና ቆዳ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሲመዝን የኖረው ራምቦ። ስለ እርሱ የጻፉ ሰዎች ከሐረር ኑሮው የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ሕመሙን፣ ብቸኝነቱንና የጦር መሣሪያ ንግዱን ነው። ይህችን የዝሆን ጠመንጃ ደብዳቤ ግን እንደ ተራ የነጋዴ ሐሳብ ቆጥረው ያልፏታል። የአዳኞቹ ቡድንም በሐሳብ ቀረ። ሆኖም ጥያቄው የአንድ ሰው ቅዠት አልነበረም። ከእርሱ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት በሐረርና በዙሪያዋ፣ ከዚያም አልፎ በመላው ደቡብና ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ ትልቅ አውሬ ለመጣል የቱ ይሻላል? ሰፊ አፈሙዝ ወይስ ጠባብ? ከባድና ዝግተኛ አረር ወይስ ቀላልና ፈጣን?

ለክርክሩ ስም እንስጠው ካልን «ውጅግራና ለበል»፣ ወይም «ውጅግራና ምንሽር» ልንለው እንችላለን። በቁጥር ደግሞ 11 ሚሊ ሜትርና 8 ሚሊ ሜትር ነው። ክርክሩ የተካሄደው በጋዜጣ ወይም በሸንጎ አልነበረም። በገበያ፣ በአደን ሜዳና በግብር አዳራሽ ነበር። ያለፈበት በር ደግሞ የሐረር ሸዋ በር ነው።

ሐረርን የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናልና ስለ በሩ ጥቂት ልበል። የሐረርን ግንብ፣ ጁገልን፣ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው ይባላል። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በምዕራብ በኩል ያለውን ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። በአማርኛ ሸዋ በር የተባለው ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ስለሚነሣ ነው። ከዘይላ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ቆላውን በግመል አቋርጦ ጂልዴሳ ሲደርስ ጭነቱን በአህያና በበቅሎ ያዞርና ዳገቱን ወደ ሐረር ይወጣል። ከሐረር ደግሞ በቁልቢና በጨርጨር አድርጎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ አንኮበር ይገባል። ስለዚህ ከባሕር የመጣ ጠመንጃ ወደ ሸዋ የሚወጣበት፣ ከሸዋና ከዚያም ወዲያ ካሉት አገሮች የመጣ የዝሆን ጥርስ የሚገባበት አቅጣጫ አንድ ነበር። ዛሬ ከበሩ አጠገብ ሽንኩርትና ጫት፣ ልብስና የላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው የሸዋ በር ገበያተኛ ይህን ቢሰማ ይገርመው ይሆን? አይመስለኝም። የሐረር ሰው ስለ ከተማው ብዙ ሰምቶ ስለሚያድግ በቀላሉ አይደነቅም።

ጠመንጃ ከመብዛቱ በፊትም ዝሆን ይገደል ነበር። በሱዳን ወሰን ያሉ የሐምራን አዳኞች በፈረስ ተከትለው፣ በሰይፍ የኋላ እግሩን ጅማት ቆርጠው ሲጥሉት እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1850ዎቹ ዓ.ም. አይቶ ጽፏል። ከሐረር ምሥራቅ ባለው የሶማሌ ምድር ደግሞ በመርዝ ቀስት የሚያድኑ ነበሩ። ራምቦ ስለ መርዝ ጥይት መጠየቁ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ የፓሪሱ ጠመንጃ ሠሪ ሳይሆን የኦጋዴን ቀስተኛ ነው ሐሳቡን የሰጠው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ሰይፍም ቀስትም ግን ሙያና ድፍረት፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ጠመንጃ ትዕግሥትን አስቀረ።

ወደ ሐረር በብዛት የገባው የመጀመሪያው ዘመናዊ መሣሪያ የግብጾች ሬሚንግተን ነው። ግብጾች ሐረርን በ1868 ዓ.ም. ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ቆዩ። ወታደሮቻቸው የታጠቁት የአሜሪካ ሥራ የሆነው ሬሚንግተን 11 ሚሊ ሜትር ገደማ አፈሙዝ ያለው፣ ከበስተኋላ የሚጎርስ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነበር። በሰሜን በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ የገባውም ይኸው ነው። ግብጾች ከሐረር ሲወጡ ጥቂቱ ለአሚር አብዱላሂ ቀረ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የንጉሥ ምኒልክ ጦር አሚሩን ካሸነፈ በኋላ ሐረር ለደጃዝማች፣ በኋላ ለራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ተሰጠች። ከዚያች ዓመት ጀምሮ እስከ ራስ መኰንን ሞት፣ ማለትም እስከ መጋቢት 1898 ዓ.ም.፣ ሐረር የኢትዮጵያ የጠመንጃ በር ሆነች።

የራምቦ የራሱ ጭነት ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። እርሱና ላባቱ የተባለው ሸሪኩ ለንጉሥ ምኒልክ ያዘጋጁት 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ በካፕሱል የሚተኮሱ፣ ከአፋቸው የሚጎርሱ፣ አውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የጣለቻቸው አሮጌዎች ነበሩ። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ እንደጻፈው በአውሮፓ ከ7 እስከ 8 ፍራንክ የሚያወጣው ጠመንጃ ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ያህል ይሸጣል። ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን ላባቱ በመካከሉ ሞተ፣ ባለ ዕዳና ባለ ይገባኛል በዛ፣ ንጉሡም ከሐረር ዘመቻ ሲመለሱ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ገዙና የሚከፈለውን ሐረር ላይ ከመኰንን እንዲቀበል ላኩት። በ1879 ዓ.ም. ግንቦት ራምቦ ከዡል ቦሬሊ ጋር በጨርጨር መንገድ ሐረር ሲገባ የነበረው ስሜት የባለ ትርፍ ስሜት አልነበረም።

ንጉሡ ዋጋ መቀነሳቸውን አንዳንድ የፈረንጅ ጸሐፊዎች እንደ ማጭበርበር ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ምኒልክ ጠመንጃ ያውቃሉ። በዚያን ጊዜ ከበስተኋላ የሚጎርሰውን እየገዙ ላሉ ንጉሥ በካፕሱል የሚተኮስ ጠመንጃ በሙሉ ዋጋ ማቅረብ ራሱ ድፍረት ነው። በዚያው ዓመት አካባቢ ዋናው መሣሪያ እየመጣ ነበርና።

ዋናው መሣሪያ ፉዚል ግራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1874 ሥሪት የሆነው ይህ የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ በእኛ አፍ «ውጅግራ» ተባለ። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር» እንደተባሉት ማለት ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል የተባለውን 8 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ስትይዝ ግራው በአንድ ጊዜ ያረጀ ዕቃ ሆነ። መጋዘን የሞላ ጥሩ ጠመንጃ ገዢ ይፈልግ ነበር፤ ገዢው ደግሞ ከኦቦክና ከጅቡቲ ማዶ ነበር። ሼፍኔና ሳቩሬን የመሰሉ ነጋዴዎች በዚህ መንገድ ሠሩ። በአድዋ በኢትዮጵያ ወገን ከተሰለፉት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ የነበረውን ቦታ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን ልብስ የሌለው እርሳስ ሲሆን፣ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ ከአፈሙዙ በሰከንድ 450 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይወጣል። አንድ ጥይት ይጎርሳል፤ ተኩሰህ፣ መፈንቅሉን ስበህ፣ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ ታገባለህ። ለበል 8 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩ 15 ግራም፣ ከላይ የብረት ልብስ ያለው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 630 ሜትር ያህል ነው። ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። ከሁሉም በላይ የለበል ባሩድ ጭስ የለውም። በጦር ሠራዊት ደረጃ ጭስ አልባ ባሩድ የያዘ የመጀመሪያው ጠመንጃ እርሱ ነው።

የትኛው ይበረታል? መልሱ በሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ የተሸከመውን ጉልበት በጁል ብናሰላ ለበል 3,000 ገደማ፣ ውጅግራ 2,500 ገደማ ይሆናል፤ ጠባቡ አሸነፈ። ነገር ግን በአፍሪካ ብዙ ዘመን ያደነው ጆን ቴይለር በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ጠመንጃዎች ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ስሌት አቅርቧል። የአረሩን ክብደት፣ ፍጥነትና ስፋት አባዝቶ የሚያገኘው ቁጥር አውሬውን የማንገዳገድ አቅሙን ያሳያል ይላል። በእርሱ ስሌት ውጅግራ 36፣ ለበል 22 ያህል ያገኛሉ፤ ሰፊው አሸነፈ። ያው ሁለት ጠመንጃ በሁለት ሚዛን ሁለት መልስ ሰጠ። አዳኞች ዛሬም ድረስ በዚህ ጉዳይ የማይስማሙት ስለማይተዋወቁ ሳይሆን የሚለኩበት ነገር ስለሚለያይ ነው።

ዝሆኑ ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው። የራስ ቅሉ ከውጭ ሲታይ ቋጥኝ ይመስላል እንጂ ውስጡ አብዛኛው እንደ ማር ሰፈፍ ክፍት ክፍት ነው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነው አንጎል ከኋላ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ልብስ የሌለው እርሳስ ያንን ሁሉ አጥንት ሲያልፍ ይጠፈጠፋል፣ አቅጣጫውም ይጠመዘዛል። የብረት ልብስ ያለው ቀጭን አረር ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ አንጎሉ ያለበትን ለሚያውቅ ሰው ጠባቡ ይሻላል። ለማያውቅ ሰው ግን ሁለቱም አይሻሉም።

ይህን በተግባር ያሳየው ስኮትላንዳዊው ባለ ጠመንጃ ደብሊው ቤል ነው። በካራሞጃ ስሙ የገነነው ቤል በምዕራብ ኢትዮጵያም በኩል አድኗል። ከ1,000 በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። በቴይለር ስሌት 16 ብቻ የሚያገኝ! ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ በየትኛው በኩል ቢተኮስ እንደሚገኝ አጥንቷል። ከእርሱ አንድ ትውልድ ቀድሞ በደቡብ አፍሪካ በኩል ያደነው ሴሉስ ደግሞ የሠራው በተቃራኒው ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አራት አረር ብቻ የሚወጣለት፣ አፉ 25 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ግዙፍ ጠመንጃ ተሸክሞ ብዙ ዝሆን ጣለ። ግን የጠመንጃው ግፊት ነርቡን እንደጎዳውና በዚያ መሣሪያ መተኮሱን እንደተጸጸተበት ጽፏል።

እንግዲህ አንባቢ «ነገሩ አለቀ፤ ለበልና ምንሽር ይሻላሉ» ሊል ይችላል። የፈረንጅ አዳኞች መጻሕፍትም እዚህ ላይ ይዘጋሉ። የሐረርና የሸዋ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ከውጅግራው አልተላቀቀም። ለምን? ኋላ ቀርነት ነው የሚለውን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ምክንያቱ ከአፈሙዙ ሳይሆን ከዝናሩ ላይ ነው።

የውጅግራ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ አይጣልም። ናስ ነው፤ ተለቅሞ፣ ካፕሱሉ ተለውጦ፣ እንደገና ይሞላል። ባሩዱን አገር ውስጥ የሚቀምሙ ነበሩ። ከሰሉ ከዛፍ፣ ድኙ ከቆላ፣ ሦስተኛው ጨው ከአፈር ተጣርቶ ይገኛል። እርሳሱን በቅርጽ አፍስሶ ማውጣት ለቀጥቃጭ ከባድ ሥራ አይደለም። የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ጋር እኩል ባይሆንም ይተኩሳል። የለበልና የምንሽር ጥይት ግን እንዲህ አይሆንም። ጭስ አልባ ባሩድ የኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ነው፤ በሙቀጫ አይወቀጥም። ጥቁሩን ባሩድ ለጠባቡ አፈሙዝ ብትሞላው ጉልበት ያንሰዋል፣ ብረቱንም በጥላሸት ይደፍነዋል። ስለዚህ በ11ና በ8 መካከል መምረጥ ራስን በመቻልና በየዓመቱ የጅቡቲን መርከብ በመጠበቅ መካከል መምረጥ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የውጅግራ ጥይት ገንዘብ ነበር። ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች ለሚሆን ጥቃቅን ግብይት ጨው እንደሚያገለግል ሁሉ፣ በብዙ ገበያዎች ጥይትም እንደ ሳንቲም ይቆጠር ነበር። ታዲያ ዝናሩን የታጠቀ ሰው ቦርሳውን ነው የታጠቀው። ዝሆን ላይ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር የገበያ ገንዘቡን ይተኩሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማንም በማይቀበለው አዲስ ጥይት ዝናሩን የሚሞላበት ምክንያት አልነበረውም። ገበያው ራሱ 11 ሚሊ ሜትርን መርጧል ብንል አላጋነንም።

የአደኑም ሥርዓት ከውጅግራ ጋር የተስማማ ነበር። ቤል ብቻውን ወይም ከጥቂት ተከታይ ጋር ነበር የሚያድነው። በእኛ አገር የመኳንንት ዝሆን አደን ግን ዘመቻ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሐረር በ3 ቀን ከ18 ሰዓት ገሥግሦ የደረሰው የሩሲያው መኰንን ቡላቶቪች፣ በኋላ በምዕራብ በኩል የተካፈለበትን አደን ሲገልጥ በርካታ ሠራዊት መንጋውን ከቦ ከየአቅጣጫው ሲተኩስ ያሳየናል። እንዲህ ባለ አደን የአንጎልን ቦታ የሚያጠና የለም። ብዙ ከባድ አረር ባንድ ጊዜ ይዘንባል። ጭሱ ሜዳውን ይሸፍናል። ከጭሱ ውስጥ የቆሰለ ዝሆን ሲወጣ ሰው ይረገጣል፤ ሰውም ሰውን ይመታል።

ከዚያ ክርክሩ ይነሣል። በልማዳችን ግዳዩ መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ነው። ዝሆን ገዳይ መባል ቀላል ማዕርግ አይደለም፤ ሎቲ ያስደርጋል፣ ያስፎክራል፣ በግብር ቦታ ያስከብራል። «እኔ ነኝ ያቆሰልኩት» የሚሉ አምስት ሰዎች ፊት ዳኛው የሚያየው ምስክርና ቁስል ነው። እዚህ ላይ የራሴን ግምት ልጨምር፦ ውጅግራ በዚህ ሙግት ጥሩ ምስክር ነበር። ሲተኮስ ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያሳያል፣ ድምፁ ይለያል፣ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ለበል ጭስ የለውም፤ በዝሆን ቆዳ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘትም ቀላል ሥራ አይሆንም። ክብር በምስክር በሚገኝበት አገር ምስክር የሌለው ጠመንጃ ያልተወደደ ቢሆን ምን ይገርማል?

ውጅግራን እስከ መጨረሻው ላመሰግነው ግን አልችልም። በሺህ እጆች የተተኮሰ ለስላሳ እርሳስ የገደለውን ያህል አቁስሎ ሰዷል። ቆስሎ ጫካ የገባ ዝሆን ከሳምንታት በኋላ ሲሞት ጥርሱን የሚያገኘው ጅብ ጠባቂ እንጂ ተኳሹ አይሆንም። ስለዚህ ሐረር ገበያ ላይ ከተመዘነው ጥርስ ብዛት ብቻ ተነሥቶ የሞተውን ዝሆን የሚቆጥር ሰው ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ለበልና ምንሽር ቀድመው ተስፋፍተው ቢሆን ዝሆኑ ይተርፍ ነበር ወይ? ይህም አይመስለኝም። ጥሩ ተኳሽ በጥሩ ጠመንጃ የሚያደርገውን ቤል አሳይቶናል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሺህ ዝሆን።

በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ከተራራዋ ላይ ትቷት አለፈ። ጠመንጃውም የዝሆን ጥርሱም ቀስ በቀስ መንገዳቸውን ወደ ጣቢያው አዞሩ። ሸዋ በር የአገር ውስጥ ገበያ በር ሆኖ ቀረ። በዚያው ዘመን ጠባቡ አፈሙዝ በመኳንንቱ እጅ እየበዛ ሄደ። ምንሽር የጨዋ ጠመንጃ ሆነ፤ የቤልጅግ ማውዘር ተከተለ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1901 ዓ.ም. ስለ አደን፣ በተለይም ስለ ዝሆን አደን፣ ደንብ አወጡ። የጥይት ጥገኝነቱ ውጤት ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ታየ። ከልዩ ልዩ አገር የተገዛ፣ አፈሙዙ የተለያየ ጠመንጃ የያዘው ሠራዊት የመሣሪያ ማዕቀብ በተጣለበት ጊዜ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ጥይት ማግኘት ተቸገረ። ያን ጊዜ አሮጌውን ውጅግራ ከግድግዳ ያወረደ ሰው ቢያንስ ቀለሁን መሙላት ይችል ነበር።

ከአውሮፓውያን ዘንድ ክርክሩ ስሙን እየለወጠ ቀጥሏል። ዛሬ በአፍሪካ ትልቅ አውሬ የሚያድን ባለ ገንዘብ የሚከራከረው በ1912 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በተሠራው 375ና በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ዊንቸስተር በወጣው 458 መካከል ነው። የመጀመሪያው በቴይለር ስሌት 40፣ ሁለተኛው 70 ገደማ ያገኛል። አንዱ ለሁሉም አውሬ ይበቃል ሲባል፣ ሌላው ለሚያጠቃ ዝሆንና ጎሽ ዋስትና ነው ይባላል። በእኛ አገር የውጭ አዳኝን በዋነኛነት የሚስበው በአርሲ፣ በባሌና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን ስለሆነ ለእርሱ ሁለቱም ከሚገባው በላይ ናቸው።

የሐረር ዝሆኖችስ? ከከተማዋ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ባሉት የኤረር፣ የጎበሌ፣ የዳካታና የፋፈን ሸለቆዎች ዛሬም አሉ። በ1962 ዓ.ም. የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተብሎ የተከለለው ቦታ በወረቀት ላይ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ያልኩት በውስጡ እርሻና መንደር፣ ከብትና ከሰል አክሳይ ስለሞላ ነው። የዝሆኖቹ ቁጥር በመቶ ቤት ነው። ሳይንስ ይህን ዘር ያወቀው በፈረንሳዊው የኦርሊያን መስፍን ስም «ኦርሊያንሲ» ብሎ ነው፤ በጥይት የተገደለ ናሙና ተወስዶለት። ከሜክሲኮ የመጣውን እሾሃም ቁልቋል መብላት ለምደዋል። ሌሊት ወርደው ከሰው ማሳ በቆሎና ማሽላ ሲበሉ ከገበሬው ጋር ይጣላሉ። ገበሬውም እውነት አለው።

እነዚህን ዝሆኖች የሚያሠጋቸው ጠመንጃ ውጅግራም ለበልም አይደለም። 7.62 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለው፣ 8 ግራም አረር የሚተፋው ክላሽንኮቭ ነው። የቴይለርን ስሌት ብንሠራለት 13 እንኳን በቅጡ አይሞላም። ለዝሆን የሚበቃ ጠመንጃ አይደለም፤ የትኛውም የአደን መጽሐፍ አይመክረውም። ነገር ግን ሠላሳ ጥይት በአንድ ካርታ ይዞ፣ ጥይቱም በየቦታው ተገኝቶ፣ አስተኳኮስ የማያውቀውን ሰው ሁሉ አዳኝ ያደርጋል። ለቅጥር ጠባቂውም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያው ነው፤ ሁለቱ ሸለቆ ውስጥ ቢገናኙ አንዱ የሌላውን ጥይት አንሥቶ ሊተኩስ ይችላል።

በመጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት ባለፉት ዓመታት ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዘውን 6 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስና የጥርስ ጌጥ አዲስ አበባ ላይ አቃጠለ። ከተቃጠለው ውስጥ ያልተጠረበ ጥርስ ነበር፤ የአንገት ጌጥ፣ የእጅ አምባርና ትንንሽ ምስሎችም ነበሩበት።